«ይሸጣል፣ ግን አይበረክትም»፦ አዲስ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚሉኝ እና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ለትንንሽ ነጋዴዎች ሂሳብ እሠራለሁ። ሱቅ ከከፈቱ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ደረሰኛቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ። ቁጭ ይላሉ። ትንሽ ዝም ብለው ይቆዩና «ጋሼ፣ ይሸጣል። እግዚአብሔር ይመስገን ገበያ አለ። ግን ብሩ አይበረክትም» ይላሉ።

ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላውቅም። አሁን አሁን ገና በር ላይ ሳያቸው ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በዚህች ቃል የተነሳ ሊተርፍ የሚችል ሱቅ ሲዘጋ ማየት ያናድደኛል። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ቀላል ቀላሎቹን ላንሳ።

«ካፒታል ከሌለ ንግድ አይጀመርም።»

ዛሬ መጋዘን ካላቸው ደንበኞቼ ውስጥ በእቁብ ብር የጀመሩ አሉ። ቅዳሜ ገበያ ወርዳችሁ ሽንኩርት በማዳበሪያ ላይ ዘርግተው የሚሸጡትን እናቶች ጠይቁ።

«እገሌ ጁስ ቤት ከፍቶ አልፎለታል፣ እኔም ልክፈት።»

ለእሱ ያለፈለት በቦታው ይሆናል። ተማሪ በሚበዛበት ማራኪ ሰፈር የሚሸጥ ነገር አዘዞ ላይ ላይሸጥ ይችላል። ልትከራዩ ባሰባችሁት ቤት ፊት ለፊት አንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ቁሙ። የሚያልፈውን ሰው ቁጠሩ። ስንቱ ዕቃ ይዞ እንደሚመለስም እዩ።

«ማኅበር ለማቋቋም የግድ ሸሪክ ያስፈልጋል።»

ይሄ ቀርቷል። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ለትንሽ ሱቅ ግን በግል ነጋዴነት መመዝገብ ይበቃል።

«ቤት ካላስያዝክ ብድር የለም።»

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና እንዲያዝ ያደርጋል። ማሽን፣ እህል፣ የሱቅ ዕቃ ሳይቀር። የአማራ ብድርና ቁጠባም ጸደይ ባንክ ከመሆኑ በፊት ለዓመታት በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። ስለዚህ ጠይቁ። ግን ከመጠየቃችሁ በፊት ቀጥሎ ያለውን አንብቡልኝ። የማይበረክት ሱቅ ላይ ብድር ሲጨመርበት ዕዳው ነው የሚያድገው።

«ይሸጣል፣ ግን አይበረክትም።»

እንግዲህ ዋናው ይሄ ነው። ይህን የሚሉኝ ልጆች የተሸጠ ሁሉ የተተረፈ ይመስላቸዋል። በ800 ገዝቼ በ1,100 ከሸጥኩ 300 ብር የእኔ ነው ይላሉ። አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንድ ጫማ ሻጭ መጣ። ማራኪ አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይቷል። ቁጥሩን ለማስላት እንዲመች አጠጋግቼ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ 50 ጥንድ ጫማ በ800 ብር ሂሳብ አመጣ። 40,000 ብር ማለት ነው። በሁለት ወር 40 ጥንድ በ1,100 ሸጠ። እጁ ላይ 44,000 ብር ገባ። «12,000 አትርፌያለሁ» አለኝ። በአፉ ሲያሰላው ልክ ነው። 40 ጊዜ 300 ነው።

«ታዲያ ለሁለተኛ ዙር ስትሄድ ስንት ይዘሃል?» አልኩት።

«23,500።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የአክስቱን ልጅ እንደጠረጠረ ነገረኝ። ልጁ ሱቁን ሲያግዘው ነበር። ከሳምንት በፊት ወደ ቤቱ ልኮታል።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። መሳቢያውን ከፈተልኝ። ብር፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የቀበሌ መታወቂያው፣ የልጁ እርሳስ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ጫማ የሚሸጥበት ቴሌብር ለእናቱ ብር የሚልክበት ቴሌብር ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ 10 ካርቶን አቧራ ለብሷል። አንዱን አወረድኩ። 45 ቁጥር ነው። ውስጡ ያለው ወረቀት እንኳ አልተጨማደደም። የቀሩት 36 እና 45 ብቻ ነበሩ።

ቁጭ ብለን ጻፍን። የዕቃ ማጓጓዣ 3,000። የሁለት ወር ኪራይ 8,000። መብራትና ጥበቃ 500። ይሄ 11,500 ሆነ። ሁሉም የተከፈለው ከሽያጩ ነው። ከ12,000 ላይ ሲቀነስ የሁለት ወር ትርፉ 500 ብር ነው። ከዚያ «ምሳ የምትበላው ከየት ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ለምሳ፣ ለታክሲ፣ ለካርድ በቀን 150 ብር ከመሳቢያው ያነሳል። በ60 ቀን 9,000 ብር። 44,000 ላይ 11,500 እና 9,000 ቀንሱ። 23,500 ይመጣል። እጁ ላይ የነበረው በትክክል እሱ ነው። ሌላ 8,000 ብር ደግሞ መደርደሪያው ላይ 36 እና 45 ቁጥር ሆኖ ተቀምጧል።

የአክስቱ ልጅ አንድ ብር አልነካም።

ወረቀቱን ሲያይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በዚያው ቀን ማታ አክስቱ ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ።

በረከትን አልክድም። በሥራዬም በቤቴም አይቼዋለሁ። ዓይን ነው የሚሉም አሉ፣ እምነታቸውን አልነካም። ነገር ግን ቆጥረን ሳናውቀው በረከት አጣ አንበል። ሰው እስኪጠረጠር ድረስ ደግሞ ፈጽሞ አንጠብቅ። በዚህ ምክንያት የተለያዩ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

ምን ይደረግ? ደብተር ግዙ። ባለ 20 ሉክም ይሁን። በየማታው ሱቅ ከመዝጋታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዛሬ የገባ፣ ዛሬ ለሱቁ የወጣ፣ ዛሬ እኔ የወሰድኩት። ሦስተኛዋ ረድፍ ናት ሰውን የምታስደነግጠው። ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ፣ ትንሽም ብትሆን። እሷን በወር አንዴ ውሰዱና ከዚያ በኋላ መሳቢያውን አትንኩ። የሱቁን ብር በሌላ ሂሳብ አስቀምጡ። ቴሌብር ለነጋዴ የተለየ ሂሳብ አለው፣ እሱን አውጡ። ዕቃ ስታመጡ የትኛው ቁጥር፣ የትኛው ቀለም እንደቀረ ጽፋችሁ ሂዱ። የቀረውን ደግሞ በገዛችሁበት ዋጋም ቢሆን ሽጡት። አቧራ የለበሰ ጫማ ኪራይ አይከፍልም።

«በጥምቀት ካወጣሁት ዓመቱን እኖራለሁ።»

ይሄ የእኛ የጎንደሬዎች ነው። ለጥር 11 ከተማው በእንግዳ ይሞላል። የባህል ልብሱም፣ ምግቡም፣ አልጋውም ይሸጣል። ይህን አይተው በታኅሣሥ በውድ ኪራይ ቤት የሚይዙ አሉ። እንግዳው ይሄዳል፣ ኪራዩ ግን ይቀጥላል። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። ሥጋ ቤት ለከፈተ ሰው 55 ቀን ቀላል አይደለም። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዝናቡ ሰውን ከቤቱ አያስወጣም። ኪራዩን በ12 ወር አባዙት፣ ሽያጩን ግን በደካማው ወር ገምቱት። ከዚያ በኋላ የሚያዋጣ ከሆነ ያዙ።

«ዱቤ ካልሰጠሁ ደንበኛ ይሸሸኛል።»

ዱቤ ወስዶ መክፈል የከበደው ሰውም ይሸሻል። በሱቃችሁ ፊት ማለፍ ያፍርና በሌላ መንገድ ይዞራል። ብሩንም ደንበኛውንም ታጣላችሁ። ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው፣ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ልክ አብጁለት። በወር ዱቤ የምትሰጡት ድምር ከዚህ አይበልጥም በሉ፣ የከፈለ ብቻ ደግሞ ይውሰድ።

«ቫት ላይ የሰበሰብኩት የእኔ ነው።»

የእናንተ አይደለም። ቫት ማለት ገዢው በዋጋው ላይ ጨምሮ የሚከፍለው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ተመዝጋቢ ከሆናችሁ 15 በመቶው የመንግሥት ነው፣ እናንተ ያዥ ናችሁ። በሰበሰባችሁበት ቀን ለይታችሁ አስቀምጡት።

«ፈቃድ ካወጣሁ ጨረስኩ።»

ገና ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ያለ ቅጣት የሚታደሰውም ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ለማደስ የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ወረቀት፣ ያስፈልጋል። ስለዚህ ግብሩ ይቅደም። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እየሮጣችሁ አትምጡ፤ በዚያ ሳምንት እኔ ጋ ያለው ሰልፍ እስከ ደረጃው ድረስ ነው።

ብዙዎች ስለማያውቁት ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ሥራ ስታቆሙ ፈቃዱ ይመለሳል። አንዲት ልጅ ጁስ ቤቷን ዘግታ ፈቃዷን ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ሥራው ስለቆመ ሁሉም ያለቀ መስሏት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የፀጉር ቤት ልትከፍት ስትሄድ ላልሠራችበት ጊዜ ግብርና ቅጣት ተቆልሎ ጠበቃት። ለፀጉር ቤቱ ያጠራቀመችው ብር ለእሱ ሄደ። ሱቅ የምትዘጉ ከሆነ ቁልፉን ለአከራዩ በምትመልሱበት ሳምንት ፈቃዱንም መልሱ፣ የመለሳችሁበትን ወረቀት ደግሞ አትጣሉት።