«ብርዱ ነው ባትሪዬን የጨረሰው»፦ ቆሞ ስለሚያድር መኪና በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ነገር ያው ነው። ቁልፍ ይዞራል፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ከዚያ ዝም። ጎረቤት ካቦ ይዞ ይመጣል ወይም የሰፈር ልጆች ተጠርተው ይገፋሉ። ከሰዓት ላይ ባለመኪናው አዲስ ባትሪ ሊገዛ ይወጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይቺ የመጨረሻዋ ነች። የባትሪ ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ሳይለካ የተገዛ ባትሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሳምንቱ እንደ አሮጌው ይተኛል።

«ብርዱ ነው የጨረሰው»

ብርድ ከባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይወስድም። የሚያደርገው ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ ማዘግየት ነው። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት፣ 0 ዲግሪ አካባቢ፣ ጤነኛ ባትሪ እንኳ የሚሰጠው ኃይል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የሞተር ዘይቱ ይወፍርና ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ይጠይቃል። በደንብ የሞላ ባትሪ ግን ይህን ይችለዋል።

የባትሪን ዕድሜ የሚበላው ሙቀት ነው። ጣርማ በርን አልፋችሁ በደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከ1,400 ሜትር በላይ ወርዳችኋል፤ እዚያ ሙቀቱ የባትሪውን ውሃ ያተናል፣ የውስጥ ፕሌቶቹን ቶሎ ይበላል፣ ቆሞ እንኳ በራሱ ቶሎ እንዲወርድ ያደርገዋል። ስለዚህ ቆላ ከርሞ የመጣ መኪና ደብረ ብርሃን አድሮ እምቢ ቢል ጉዳቱ የተጀመረው ታች ነው፣ ብርዱ ያጋለጠው ብቻ ነው።

«ካልተነሳ ባትሪው ሞቷል ማለት ነው»

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ባትሪው አርጅቷል፣ ወይም በደንብ እየተሞላ አይደለም፣ ወይም መኪናው ቆሞ የሆነ ነገር እየጠጣው ነው። ሦስቱን የሚለየው ቮልትና አምፔር የሚለካ አንድ ርካሽ ቴስተር ነው። መኪናው አድሮ ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ለኩ። 12.6 ቮልት ገደማ ካለ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ድገሙት፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ችግሩን ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ወይም ሽቦው ጋ ፈልጉት።

«ቁልፍ ከነቀልኩ በኋላ ምንም የሚሠራ ነገር የለም»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሰዓቱ፣ አላርሙ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይወስዳሉ። ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ድረስ ጤነኛ ነው። 50 ሚሊአምፔር በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፤ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይዛችሁ ሁለት ሳምንት ብታቆሙትም ይነሳል። ግማሽ አምፔር ከሆነ ግን በቀን 12 ይሄዳል፣ በሁለት ቀን ግማሹን ተሰናበቱት።

ሌባው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የተገጠመ ነገር ነው፦ ቴፕ፣ አምፕሊፋየር፣ አላርም፣ ጂፒኤስ። የኋላው ዕቃ መጫኛ መብራትም ተዘግቶ ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል። እሱን ለማወቅ ስልካችሁን ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጥ አስቀምጡና ዝጉት፣ አውጥታችሁ እዩት።

ዋናው ምርመራ እንዲህ ነው። ሁሉን አጥፉ፣ ቁልፉን ራቅ አድርጉ። ኮፈኑን ክፈቱ፣ የኔጌቲቩን ካቦ ከባትሪው ንቀሉ፣ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ካቦው ላይ ሌላውን ባትሪው ላይ ያዙ። መጀመሪያ ከፍ ያለ ቁጥር ታያላችሁ፣ አትደንግጡ፤ ኮምፒውተሮቹ ገና አልተኙም። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዱ መኪና ላይ ከዚያም በላይ፣ ታገሡ። ወደ 0.03 አምፔር (30 ሚሊአምፔር) ከወረደ ሰላም ነው። 0.4 ላይ ቆሞ ከቀረ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ፊውዝ ሌባው ያለበትን መስመር ይነግራችኋል። የትኛውም ፊውዝ ካልቀነሰው ዲናሞውን ጠርጥሩ፣ ውስጡ ያለው፣ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ዳዮድ ሲበላሽ ሌሊቱን ሙሉ ያፈስሳል። ይህን ለኤሌክትሪሻን ተዉት። ቴስተሩ እንደተገናኘ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

«10 ደቂቃ ካሠራሁት ይሞላል»

አይሞላም። አንዴ ማስነሳት የሚወስደውን ይመልስ ይሆናል እንጂ የወረደ ባትሪ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ እየሠራ፣ መብራትና ማሞቂያ በርቶ፣ አይሞላም። ረዘም ያለ ጉዞ ወይም ከዚያ የተሻለ ቻርጀር ላይ ማሳደር ይፈልጋል። እንዲህ ባዶውን ደጋግሞ የሚቆይ ባትሪ ፕሌቶቹ ይደነድኑና በኋላ ሙላ ቢሉትም አይዝም።

«ሞተሩ እየሠራ ካቦውን ንቀል፣ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው»

እባካችሁ ይህን አታድርጉ፣ ጋራዥ ውስጥም ሲደረግ ካያችሁ አስቁሙ። ባትሪው ሲለይ ቮልቱ በድንገት ሊዘል ይችላል። የዛሬ መኪና በኮምፒውተር የሚሠራ ነው፣ በአንድ ሴኮንድ ብዙ ገንዘብ ይቃጠላል። ከላይ ያልኩት የቮልት ልኬት ይበቃል።

«ሲሚንቶ ላይ ያስቀመጡት ባትሪ ይወርዳል»

የድሮዎቹ የእንጨት ሳጥን ነበራቸው። የዛሬው ፕላስቲክ ነው፤ የትም አስቀምጡት።

«ሲደክም አሲድ ጨምርበት»

ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው። የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ። የቧንቧና የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም፣ ማዕድን አለበት።

«ነቅዬ እተወዋለሁ፣ ያኔ ችግር የለም»

አዲስ አበባ ሄዳችሁ ወር የምትቆዩ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ በደንብ ሙሉት። በየማታው ካቦ እየነቀሉ መኖር ግን ሌባውን እቤት አስቀምጦ በር እንደመቆለፍ ነው። ስትነቅሉ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስትመልሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ እሱን እሰሩ፤ ያኔ ፖዘቲቩን ስትፈቱ የብሎን መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ እንኳ እሳት አይወጣም።