የልኬት ስህተት ምንድን ነው?

«ተማሪዎቹ በፔንዱለም (በክር በተንጠለጠለች ኳስ) የመሬት ስበትን ፍጥንጥነት ለክተው 9.6 ሜትር በሰከንድ ካሬ አገኙ፤ መልሱ 9.8 ስለሆነ ሙከራው ከሽፏል።» እንዲህ ዓይነት አስተያየት አሁንስ በዛ።

ወንድሜ፣ 9.6 ብቻውን ልክ ነው ወይም አይደለም ሊባል አይችልም። ፕላስ ማይነስ ስንት? የልኬት ስህተት የሚባለው እሱ ነው። የተማሪ ጥፋት ወይም ስንፍና አይደለም። የምንለካው ነገር ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው።

እናስላው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሰዓቱን በእጁ የሚያስነሳና የሚያቆም ሰው 0.2 ሰከንድ ቢስት አይገርምም። አንድ ምልልስ ብቻ ከለካ 10 በመቶ ሳተ ማለት ነው፤ ፍጥንጥነቱን ከርዝመቱና ከጊዜው በሚያሰላው ቀመር ውስጥ ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ ደግሞ መልሱ ላይ እጥፍ ሆኖ 20 በመቶ ይደርሳል፣ ፕላስ ማይነስ 2 ገደማ። 10 ምልልስ በአንድ ላይ ለክቶ ለ10 ቢያካፍል ግን ያቺው 0.2 ሰከንድ አብራ ትካፈላለች። ስህተቱ ወደ 0.2 ይወርዳል። ስለዚህ «9.6 ፕላስ ማይነስ 0.2» ብሎ የጻፈው ልጅ ሥራውን ሠርቷል። በአንድ ምልልስ 9.8 ላይ ያረፈው ዕድለኛ ነው (ወይም መጽሐፉን አይቶ ቁጥሩን አስተካክሏል፣ የተለመደ ነው)።

«ታዲያ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነዋ!» ይላል ሰውዬው። ግማሹ እውነት ነው። አምስት ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት አስቡ። መቶ ጊዜ ብታዩት መቶ ጊዜ ይቀድማል፤ እንዲያውም ቃሉ ስለማይለዋወጥ የበለጠ ታምኑታላችሁ። የሚያጋልጠው ሌላ ሰዓት ነው። እዚህም ርዝመቱን እስከ ኳሷ መሃል ሳይሆን እስከ አናቷ ለካችሁ እንበል፣ ከአናቷ እስከ መሃሏ ደግሞ 2 ሴንቲሜትር አለ። ርዝመቱ 2 በመቶ ጎደለ፣ 9.8 የነበረው 9.6 ሆነ። ሺህ ጊዜ ድገሙት፣ ያው ነው። ሌላው ሰዓት ታዲያ የቱ ነው? የክሩን ርዝመት እየቀያየሩ መለካት። የጊዜውን ካሬ ከርዝመቱ ጋር በግራፍ ስትስሉ መስመሩ በዜሮ አያልፍም፣ የጠፋችው 2 ሴንቲሜትር እዚያ ላይ ተጋለጠች። ደስ የሚለው፣ የመስመሩ ተዳፋት ስለማይነካ ትክክለኛውን ፍጥንጥነት ከእሱ ታገኛላችሁ።

ይህ ሁሉ ግን ፔንዱለሙ በትንሽ ማዕዘን ሲወዛወዝ ነው። እስከ 10 ዲግሪ ቀመሩ የሚስተው 0.2 በመቶ ገደማ ስለሆነ ችግር የለውም። በ30 ዲግሪ ከለቀቃችሁት ግን ጊዜው ወደ 1.7 በመቶ ይረዝማል፣ ይህንንም አማካይ አያድነውም።

ሪፖርት ላይ «የሰው ስህተት» ብሎ መዝጋትም ይቅር። የትኛው ልኬት፣ በስንት፣ ወደየት አቅጣጫ? እሱ ይጻፍ። ደግሞ «መልሱ» የተባለው 9.8 ራሱ እንደ ቦታው ይለያያል፤ በባሕር ወለል ከፍታ በምድር ወገብ 9.78፣ በዋልታዎች 9.83 ነው።