«80 በመቶው ያንተ ነው»፦ ስለ ዶሜይን ፓርኪንግ ገቢ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻ ስም፣ ገዝታችሁ ድረ ገጽ ሳትሠሩበት ከተቀመጠ ፓርክ ማድረግ ትችላላችሁ። የፓርኪንግ ድርጅት ባዶውን አድራሻ ይረከብና ማስታወቂያ ያስቀምጥበታል። አድራሻውን ጽፎ የመጣ ሰው ማስታወቂያውን ሲጫን ገንዘብ ይገኛል፤ ድርጅቱና የዶሜይኑ ባለቤት ይካፈሉታል። በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ጣጣው ያለው «ይካፈሉታል» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። እኔም ዶሜይኖቼን ፓርክ ማድረግ ስጀምር አከፋፈሉ ፈጽሞ አልገባኝም ነበር። ዛሬም ብዙ ሰው ያኔ እኔ የማምነውን ሲያወራ ስለምሰማ አንድ በአንድ ልሂድበት።

«80 በመቶ እሰጣለሁ ካሉኝ፣ አስተዋዋቂው ከከፈለው ላይ 80 በመቶ ይደርሰኛል»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። የገንዘቡን መንገድ ከመነሻው እንከተለው። አስተዋዋቂው ለፓርኪንግ ድርጅቱ አይከፍልም። የሚከፍለው ማስታወቂያውን ለሚያቀርበው ኩባንያ ነው፤ ለረጅም ዓመታት ደግሞ ይህ ኩባንያ በአብዛኛው ጎግል ነበር። ይህ ኩባንያ የራሱን ድርሻ ያስቀርና የተረፈውን ለፓርኪንግ ድርጅቱ ይልካል። ድርጅቱ «80 በመቶ» የሚላችሁ እጁ ከገባው ከዚህ ገንዘብ ላይ ነው።

በምሳሌ እንየው። አስተዋዋቂው ለአንድ ክሊክ 1 ዶላር ከፈለ እንበል። ማስታወቂያ አቅራቢው 40 ሳንቲም ቢያስቀር ድርጅቱ ጋ 60 ሳንቲም ይደርሳል። የ60 ሳንቲም 80 በመቶ 48 ሳንቲም ነው። ከአስተዋዋቂው ኪስ ከወጣው ግማሹም አልደረሳችሁም፤ ድርጅቱ ግን አልዋሸም።

ቁጥሮቹን ያስቀመጥኳቸው ለማሳያ ነው። ትክክለኛው ክፍፍል በድርጅቱና በማስታወቂያ አቅራቢው መካከል ባለ ውል የተያዘ ምስጢር ነው። ጎግል በ2010 ለተራ የአድሴንስ (ድረ ገጽ ያላቸው ሰዎች የጎግልን ማስታወቂያ አሳይተው የሚከፈሉበት አገልግሎት) ተጠቃሚዎች የሚሰጠውን ድርሻ ይፋ አድርጎ ነበር፦ ከይዘት ማስታወቂያ 68 በመቶ፣ ከፍለጋ ማስታወቂያ 51 በመቶ። የፓርኪንግ ውሎች ግን እዚያ ውስጥ አልነበሩም። እነሱ በድርድር የሚወሰኑ ናቸው፤ ብዙ ጥሩ ጎብኚ የሚያመጣ ድርጅት የተሻለ ውል ያገኛል።

ከዚህ የሚመጣውን ነገር ልብ በሉ። አንዱ ድርጅት ከ1 ዶላር ላይ 70 ሳንቲም ቢደርሰውና 75 በመቶውን ቢሰጣችሁ፣ 52 ሳንቲም ተኩል ታገኛላችሁ። ሌላው 55 ሳንቲም ብቻ ቢደርሰውና 85 በመቶውን ቢሰጣችሁ፣ 47 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ትልቁ መቶኛ ትንሹን ገንዘብ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ «ስንት በመቶ ትሰጣላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። እኔ የማምነው መለኪያ አንድ ነው፦ ለሺህ ጎብኚ ሲጣራ ስንት ገባ? ያንኑ ዶሜይን አንዱ ድርጅት ጋ ሁለት ሙሉ ሳምንት፣ ሌላው ጋ ሁለት ሙሉ ሳምንት አስቀምጡና አነጻጽሩ። ሙሉ ሳምንት ያልኩት የሥራ ቀንና የእረፍት ቀን ትራፊክ ስለሚለያይ ነው።

«ሰው በገባ ቁጥር ይከፈለኛል»

በተለመደው አሠራር አይከፈላችሁም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያዎች አይደሉም፤ የርዕስ ሊንኮች ናቸው። ጎብኚው አንዱን ርዕስ ሲጫን ነው የማስታወቂያ ዝርዝር የሚመጣለት። ገንዘብ የሚቆጠረው ከዚያ ውስጥ አንዱን ሲጫን፣ ማለትም በሁለተኛው ክሊክ ነው። ከ1,000 ጎብኚ 300ው ርዕስ ቢጫኑ፣ ከነሱ 60ው ብቻ ማስታወቂያ ቢጫኑ፣ ለእያንዳንዱም 10 ሳንቲም ቢደርሳችሁ፣ ያ ሁሉ ሰው ያስገባው 6 ዶላር ነው። የርዕሶቹ ምርጫ ለውጥ የሚያመጣው ለዚህ ነው። ከዶሜይኑ ስም ጋር የማይገናኝ ርዕስ ከተቀመጠ ሰው አንዱንም ሳይነካ ይወጣል።

ሌላ መንገድም አለ፤ ያለ ክሊክ የሚከፈልበት። ጎብኚው አድራሻውን እንደከፈተ ጉብኝቱ በቅጽበት ጨረታ ይሸጥና ሰውየው በቀጥታ ወደ ገዢው ገጽ ይወሰዳል። እዚህ ላይ በእርግጥ በጉብኝት ይከፈላል። እኔ ግን በጣም እጠነቀቀዋለሁ። ገዢው ማን እንደሆነ አታውቁም። ጎብኚያችሁ «ኮምፒውተርህ ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ የሚያስፈራራ የአጭበርባሪ ገጽ ላይ ሊጣል ይችላል። ያ ሰው የናንተን አድራሻ አምኖ ነው የገባው።

«ዳሽቦርዱ ላይ የማየው ገንዘብ በቃ የኔ ነው»

ዳሽቦርዱ፣ ማለትም የአካውንታችሁ የሪፖርት ገጽ፣ የሚያሳየው የዕለቱ ቁጥር ግምት ነው። ማስታወቂያ አቅራቢው በኋላ ክሊኮቹን ያጣራል። የቦት (ሰው ሳይሆን ፕሮግራም የሚያደርገው)፣ የተደጋገመና አጠራጣሪ ክሊክ ይወጣል፤ ድምሩም ይቀንሳል። ክፍያው ራሱ ወሩ ካለቀ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ዝቅተኛው የክፍያ መጠን ካልሞላም ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ቅነሳም አለ። ማስታወቂያ አቅራቢው ከአንድ ምንጭ የሚመጡ ጎብኚዎች አስተዋዋቂው ጋ ደርሰው የሚገዙ ወይም የሚመዘገቡ አይመስሉም ብሎ ከገመተ፣ የዚያን ምንጭ የክሊክ ዋጋ ዝቅ ያደርጋል። እናንተ ዘንድ ምንም አልተለወጠም፤ ጎብኚው ያው፣ ክሊኩ ያው። ገቢው ግን ይወርዳል። እኔ ይሄን ባላወቅኩበት ጊዜ አንዱን ድርጅት «ሰረቀኝ» ብዬ ተናድጄ ትቼው ነበር። ሌላ ቦታም ወስጄው ዋጋው አልተነሳም።

«ራሴ ብጫነው፣ ጓደኞቼም ቢረዱኝ ምን አለበት?»

ማጭበርበር ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ከአንድ አስተዋዋቂ ኪስ ነው። ሲደረስበት አካውንቱ ይዘጋል፤ የተጠራቀመው ገቢም ይቀራል።

«አዲስ የገዛሁት ዶሜይን ላይ ማስታወቂያ አይቻለሁ፤ ገቢ ጀምሯል ማለት ነው»

ብዙ ሬጂስትራሮች፣ ማለትም ዶሜይን የሚመዘግቡ ድርጅቶች፣ ገና ያልተሠራበት ዶሜይን ላይ የራሳቸውን የማስታወቂያ ገጽ ያስቀምጣሉ። የዚያ ገጽ ገቢ የሚገባው ለነሱ ነው። ድርሻ የምትፈልጉ ከሆነ ፓርኪንግ ድርጅት ጋ አካውንት ከፍታችሁ የዶሜይኑን ኔም ሰርቨር (አድራሻውን ጽፎ የመጣ ሰው ወዴት እንደሚመራ የሚወስነውን ቅንብር) ወደዚያ ማዞር አለባችሁ።

«ዋናው የጎብኚ ብዛት ነው»

ከብዛቱ በፊት ማንነቱ ይቀድማል። ከሚመዘገበው ጉብኝት ብዙው ቦት ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ቀድሞ ድረ ገጽ የነበረበትና ጊዜው አልፎ የተገዛ ዶሜይን ላይ። እውነተኛ ሰው ሲሆን ደግሞ አስተዋዋቂዎች የሚሻሙበት አገር ውስጥ ያለ መሆኑና የመጣበት ጉዳይ ዋጋውን ይወስናሉ። ስለ ኢንሹራንስ ወይም ስለ ብድር የሚያወራ ስም አንድ ክሊኩ፣ የግጥም ስብስብ የሚያስታውስ ስም ብዙ ክሊክ ተደምሮ ከሚያመጣው ሊበልጥ ይችላል። ኢንሹራንስ ሻጭ አንድ ደንበኛ ለማግኘት ብዙ ለመክፈል ፈቃደኛ ነው።

«ማስታወቂያውን የመረጠው ድርጅቱ ስለሆነ ተጠያቂው እሱ ነው»

ይሄ ዶሜይን ያስነጥቃል። የዓለምን የዶሜይን ስሞች የሚያስተባብረው ድርጅት አይካን በ1999 ያጸደቀው የዶሜይን ክርክር መፍቻ ሥርዓት አለ፤ የንግድ ምልክቱን የሚመስል ዶሜይን በክፉ ልብ ተይዟል የሚል ባለቤት በዚያ ይከሳል። ዶሜይናችሁ የታወቀ ምልክት ስም ይዞ የተፎካካሪዎቹን ማስታወቂያ ካሳየ፣ «ገጹን የሚሞላው ኮምፒውተር ነው» ማለት አያድናችሁም። ዳኞቹ በተደጋጋሚ የወሰኑት ባለቤቱ ኃላፊ መሆኑን ነው። ገቢውን ድርጅቱ ብቻውን የወሰደው ቢሆንም እንኳ መከላከያ አይሆንም።

«ገቢው ከወረደ ድርጅቱ ድርሻዬን ቀንሶ ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው፤ ውሉን ደግሞ ማንበብ አይከፋም። በቅርቡ የመጣው ቅነሳ ግን መነሻው ሌላ ነው። ጎግል በ2025 አስተዋዋቂዎችን፣ ራሳቸው ካልመረጡት በቀር፣ ከፓርክ ገጾች ማስወጣት ጀመረ። የሚሻማው አስተዋዋቂ ሲቀንስ የክሊክ ዋጋ ይወርዳል። 80 በመቶው እዚያው 80 በመቶ እንዳለ የሚቆረጥበት ገንዘብ ግን አነሰ። ያለ ክሊክ የሚከፈልበት መንገድ አሁን ይበልጥ የሚስበው ለዚህ ነው። ድርጅታችሁ ዶሜይናችሁን በየትኛው መንገድ እየሸጠ እንደሆነ የአካውንታችሁ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ እዩ፤ ካላገኛችሁት ደግሞ ጽፋችሁ ጠይቋቸው።