የሴቶች ራስ አገዝ ቡድኖች በኢትዮጵያ

ራስ አገዝ ቡድን በአንድ ሰፈር የሚኖሩና በኑሮ የሚቀራረቡ ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ ሴቶች በየሳምንቱ እየተገናኙ የሚቆጥቡበት፣ የሚበዳደሩበትና የሚደጋገፉበት ስብስብ ነው። አሠራሩ የመጣው ከሕንድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከብሪታኒያው ክርስቲያናዊ የእርዳታ ድርጅት ከቲርፈንድ ጋር በመሆን አዳማ ላይ በአምስት ቡድኖች ጀመረችው። የጀርመኑ የሕፃናት እርዳታ ድርጅት ኪንደርኖትሂልፈም በአገር ውስጥ አጋሮቹ በኩል አስፋፍቶታል።

ዕቁብና ዕድር እያሉ ሌላ ስብስብ ለምን አስፈለገ? ዕቁብ ለመግባት የማይቋረጥ ገቢ ይጠይቃል፤ ዕጣው ዞሮ ሲያልቅም ይበተናል። ዕድር ደግሞ ከሁሉ በፊት ለሐዘን የቆመ ነው። እንጀራ ሸጣ የምታድር ወይም ልብስ አጥባ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት በሁለቱ መካከል ትቀራለች። ባንክም ብዙውን ጊዜ ያለ መያዣ አያበድራትም። በቡድኑ ውስጥ ግን መያዣዋ ጠባይዋን የሚያውቁት ጎረቤቶቿ ናቸው። የተቆጠበው ገንዘብ አይከፋፈልም፤ በብድር እየዞረ፣ ወለዱም እዚያው እየተጨመረበት ያድጋል።

የስብሰባው ሥርዓት ቀላል ቢመስልም ብዙ የታሰበበት ነው። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሰብሳቢዋ በየሳምንቱ ትቀየራለች፤ ስለዚህ በሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ሳትቀር ተራዋ ሲደርስ ትመራለች። አርፍዳ የመጣች፣ አባላቱ ራሳቸው ባወጡት መተዳደሪያ ደንብ መሠረት ትቀጣለች። ገንዘቡ በሁሉም ፊት ይቆጠራል፣ በየአባሏ ደብተር ይጻፋል። ማንበብ የማትችለው ደብተሯን ቤት ወስዳ በልጇ ታስነብባለች። መጀመሪያ አካባቢ ቁጠባው በሳምንት ከአንድ ብር ያልበለጠባቸው ቡድኖች ነበሩ። የዚህ አሠራር ትልቁ ጥበብ ከራሳቸው ትንሽ ቁጠባ መነሣቱ ይመስለኛል፤ የውጭ ገንዘብ ቀድሞ ቢገባ ሴቶቹ የሚሰበሰቡት እርዳታ ለመጠበቅ በሆነ ነበር።

የመጀመሪያው ብድር ብዙ ጊዜ ለመድኃኒት፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም ይውላል። ካፒታሉ ሲጠነክር ወደ ንግድ ይዞራል፤ በርበሬ አስፈጭቶ መሸጥ፣ ጉሊት፣ ዶሮ እርባታ፣ በግ ማድለብ። ብድር የጠየቀች አባል ለምን እንደፈለገችውና እንዴት እንደምትመልሰው ታስረዳለች፤ ሌሎቹም የገበያውን ሁኔታ ስለሚያውቁ ሳይሸፋፍኑ ይጠይቋታል። ከአራጣ አበዳሪ መዳፍ ለወጣች ሴት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከቁጠባው ጎን ለማኅበራዊ ችግር የሚሆን አነስተኛ መዋጮ ይያዛል። አባል ስትታመም ከዚያ ወጪ ተደርጎ ትጠየቃለች፤ ስትወልድ ገንፎ ተይዞ ይኬድላታል። ገንዘብ የማይደርስበትም ድጋፍ አለ። ሳታስታውቅ የቀረችውን ቤቷ ድረስ ሄደው ያዩዋታል፤ የባሏ ዱላ፣ የልጇ ከትምህርት ቤት መቅረት የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው።

ቡድኖች ሲበረክቱ እያንዳንዳቸው ተወካዮች መርጠው የክላስተር ማኅበር ያቋቁማሉ። ክላስተሩ አንድ ቡድን ብቻውን የማይወጣውን ጉዳይ ይይዛል፤ አዳዲስ ቡድኖችን ያደራጃል፣ ስለ ውኃና ስለ መንገድ ቀበሌውን ይጠይቃል፣ ያለዕድሜ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን ይከላከላል። የበላዩ እርከን ፌዴሬሽን ይባላል።

ድክመቶችም አሉ። የኑሮ ውድነት የቁጠባውን አቅም ይበላዋል፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ብር ዛሬ ያኔ የሚገዛውን አይገዛም። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድር ይፈልጋሉ፣ ማንም መመለስ አይችልም። ከሁሉም የሚያሳስበው፣ በየሳምንቱ ያችን ትንሽ ገንዘብ እንኳ ማምጣት የማትችለው ሴት ከደጅ መቅረቷ ነው። አንዳንድ ቡድኖች የቁጠባውን መጠን የሚወስኑት ከአባላቱ በጣም ደካማዋ በምትችለው ልክ ነው፤ ሌሎቹም እንዲሁ ቢያደርጉ መልካም ነው።