የአረጋውያን ድባቴና የደም ሥር ሕመም

በሐዋሳ ከተማ ጠዋት ጠዋት በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ መንሸራሸር የለመዱ አንድ ጡረተኛ ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ሲተዉ፣ ንግግራቸው ሲያጥርና ከዕድር ሲቀሩ፣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሆኖም ግፊት ወይም ስኳር ለዓመታት አብሯቸው በኖረ አረጋውያን ላይ እንዲህ ያለው ለውጥ ከአንጎል የደም ሥሮች መጎዳት ጋር የተያያዘ ድባቴ ሊሆን ይችላል።

«የደም ሥር ድባቴ» የተባለውን መላምት በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጆርጅ አሌክሶፖሎስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና ሲጋራ በአንጎል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠባሉ፤ በዚህም የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ስሜትንና ተነሳሽነትን ከሚመሩት ጥልቅ ክፍሎች ጋር የሚያገናኙት የነርቭ መስመሮች በቂ ደም ያጣሉ። ጉዳቱ በኤምአርአይ ምስል ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ነጠብጣቡ ድባቴ በሌለባቸው ብዙ አረጋውያንም ስለሚገኝ ግን ምስሉ ብቻውን ለምርመራ ውሳኔ አይበቃም።

ሕመሙ የሚያሳስተው በመልኩ ነው። ለቅሶና ራስን መውቀስ ጎልተው ላይታዩ ይችላሉ፤ ጎልቶ የሚታየው ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅስቃሴ መዘግየትና ነገርን በቅደም ተከተል ማሰብ አለመቻል ነው። የዕድሩን ሒሳብ ለዓመታት የያዙ ሰው መዝገቡን ገልጠው ከየት እንደሚጀምሩ ሲጠፋቸው፣ ይህን ስንፍና ወይም ኩርፊያ ብሎ መፈረጅ ከባድ በደል ነው።

ግንኙነቱ የአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። ስትሮክ ካጋጠማቸው ሰዎች ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት ድባቴ ይይዛቸዋል፤ ድባቴም በበኩሉ የግፊት ኪኒን መውሰድንና መራመድን እያስተወ ለስትሮክ ያጋልጣል።

በሕክምናው በኩል የድባቴ መድኃኒቶች በእነዚህ ሕሙማን ላይ የሚሰጡት ውጤት ደካማ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው አሚትሪፕቲሊን ልባቸው በታመመ አረጋውያን ላይ የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ከመቀመጫ ሲነሱም ግፊትን አውርዶ ሊጥላቸው ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሌላው የድባቴ መድኃኒት ፍሉኦክሰቲንም ከአስፕሪን ጋር ሲወሰድ የመድማት ዕድልን ይጨምራል። ችግርን ከፋፍሎ ደረጃ በደረጃ መፍታትን የሚያለማምድ የንግግር ሕክምና እንደሚረዳ ታይቷል፤ ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠርም ከሕክምናው ተነጥሎ አይታይም።

ስለዚህ በሐዋሳ ጤና ጣቢያዎች ለግፊት ክትትል የሚመጡ አረጋውያን ግፊታቸው ሲለካ «ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረው ነገር ባለፉት ሁለት ሳምንታትም ደስ ብሎዎታል?» ተብለው ቢጠየቁ መልካም ነው። ሐዘናቸውን ብቻ የሚጠይቅ ሰው ይህን ድባቴ ሊስተው ይችላል፤ ብዙዎቹ አላዘንኩም ብለው በእውነት ይመልሳሉና።