ሰዓቱ የቆመበት ቤት፦ አያቶችና የቤተሰብ ቀልድ በጋዜጣ ካርቱን

በአሜሪካ ዕለታዊ ጋዜጦች የካርቱን ገጽ ላይ ጀብዱም፣ እንስሳትም፣ የወታደር ቤት ኑሮም ይወጣል። ዕድሜ የሚጠግበው ግን የቤተሰብ ካርቱን ነው። ባልና ሚስት ይነታረካሉ፣ ልጆች ያጠፋሉ፣ አያት መጥታ የተቀጣውን ልጅ ታሞላቅቃለች፤ በማግስቱም ያው ነው። የዚህ ዓይነት ካርቱን ሠዓሊ ቀልድ ከመፈለጉ በፊት አንድ ነገር መወሰን አለበት፦ በዚያ ቤት ጊዜ ይሂድ ወይስ ይቁም? የአያቶቹ ቀልድ ከየት እንደሚመጣ የሚወስነው ይኸው ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ አያቶች ብዙ ቦታ አልነበራቸውም። ጆርጅ ማክማነስ በ1913 የጀመረው «ብሪንጊንግ አፕ ፋዘር» የሚያሾፈው ድንገት ሀብታም በሆነ አየርላንዳዊ የቀን ሠራተኛና የሊጥ መዳመጫ እንጨት በምትወረውር ሚስቱ ላይ ነበር። ቺክ ያንግ በ1930 በጀመረው «ብሎንዲ» ደግሞ ዳግውድ የሚባለው የሀብታም ልጅ በ1933 ብሎንዲን ሲያገባ ወላጆቹ ውርስ ነፈጉት። ውሳኔው ለሠዓሊው በጣም ጠቅሞታል፤ ሀብታሞቹ አያቶች ከመንገድ ሲወገዱ ዳግውድ አለቃውን የሚፈራ፣ አውቶቡስ የሚያመልጠውና ሌሊት ተነስቶ ቁመቱ ክንድ የሚያህል ሳንድዊች የሚሠራ ተራ ሰው ሆነ። በ1934 እና በ1941 የተወለዱት ሁለት ልጆች እስከ ጉርምስና ድረስ አድገው እዚያው ቆሙ። ብሎንዲ ሰዓቱ መንገድ ላይ የቆመ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

ሰዓቱን እንዲሄድ የለቀቀው ፍራንክ ኪንግ ነው። በ1918 የጀመረው «ጋሶሊን አሊ» ቅዳሜና እሑድ መኪና ስለሚጠጋግኑ ወንዶች ነበር። የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ባለቤት ከነበሩት አንዱ ጆሴፍ ፓተርሰን ሴት አንባቢዎችን ለመሳብ ሕፃን እንዲገባበት ጠየቀ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዋልት ወንደላጤ ስለነበር ሕፃኑ ፌብሩዋሪ 14፣ 1921 ደጃፉ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ስኪዚክስ የተባለው ይህ ልጅ እንደ አንባቢው ልጅ በየዓመቱ አንድ ዓመት እያደገ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ፣ አገባ፣ ወለደ፤ ወንደላጤው ዋልትም አንባቢ እያየው አያት ሆነ። እንዲህ ባለው ካርቱን አያትን በነጭ ፀጉርና በከዘራ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ የሚያረጀው አንባቢው ጎረምሳ ሳለ ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ነው። ዋጋው ግን ሞት ነው። የዋልት ሚስት ፊሊስ በ2004 በታሪኩ ውስጥ ሞተች፤ ዋልት ግን በስሌት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖትም ቀጠለ። ዋናውን ሰው ለመግደል የሠዓሊ እጅ ይከብዳል።

ካናዳዊቷ ሊን ጆንስተን ከ1979 ጀምሮ «ፎር ቤተር ኦር ፎር ዎርስ» ላይ ተመሳሳይ መንገድ ተከተለች። አያት ጂም በስትሮክ ተመትቶ መናገር ሲያቅተው፣ ሐሳቡን በሐሳብ ፊኛ (ከራሱ በላይ በሚሣለው የጽሑፍ ክብ) ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጋ ጻፈችው፤ ከአፉ የሚወጣው ግን የተቆራረጠ ቃል ነው። አንባቢው የሚሰማውን ቤተሰቡ አይሰማም። በጋዜጣ ካርቱን ስለ እርጅና ከተሠሩት ነገሮች መካከል ከዚህ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል፤ ፊልም እንኳ እንዲህ በቀላሉ ሊያደርገው አይችልም።

ሰዓቱን ካቆሙት መካከል የታወቀው ቢል ኪን ፌብሩዋሪ 29፣ 1960 የጀመረው «ፋሚሊ ሰርከስ» ነው። አንድ ክብ ሥዕል ብቻ ስለሆነ መነሻና መድረሻ የለውም፤ ልጁ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ይጻፋል፣ አበቃ። ቢሊ 7፣ ዶሊ 5፣ ጄፊ 3 ዓመታቸው እንደሆነ ለአሥርተ ዓመታት ቆይተዋል። የእሑዱ ትልቅ ሥዕል ላይ ቢሊ ከበር እስከ ፖስታ ሳጥን ሲላክ በሰፈሩ ሁሉ የዞረበት መንገድ በነጠብጣብ መስመር ይታያል። «ማነው የሰበረው?» ሲባል ልጆቹ ሁሉ «እኔ አይደለሁም» ይላሉ፤ በዚያ ስም የሚጠራ የማይታይ ድንክዬም ከኋላቸው ቆሞ ይስቃል። የሞተው አያት ደግሞ ብርሃን ለብሶ ከደመና ላይ የልጅ ልጆቹን ያያል፤ መበለቷ አያት ለጥየቃ የምትመጣው ብቻዋን ነው። ካርቱኑ ስኳር ይበዛበታል የሚሉት ሰዎች ልክ ናቸው። ሆኖም ሐዘንን በቀልድ ገጽ ላይ በዚህ መልክ ማኖር ድፍረት ይጠይቃል።

አያቶቹን ራሳቸውን መሐል ላይ ያስቀመጠው የብራያን ክሬን «ፒክልስ» ነው። በ1990 የጀመረ ሲሆን ኧርል እና ኦፓል የተባሉት ጡረተኞች ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው፤ ልጃቸው ሲልቪያና የልጅ ልጃቸው ኔልሰን አብረዋቸው አሉ። ኔልሰን ይጠይቃል፣ ኧርል የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ይመልሳል፣ ኦፓል በአንድ ቃል ታፈርሰዋለች። የቆመው ሰዓት ግን እዚህ ላይ ሒሳብ ያመጣል። በ1990 ሰባ ዓመት የሞላው ሰው በ1920 ግድም የተወለደ ነው፤ ስለ ድህነት ዘመንና ስለ ጦርነት ያወራል። በ2020 ሰባ የሞላው ግን ወጣትነቱን ያሳለፈው በሮክ ሙዚቃ ነው። ሠዓሊው ፊቱን ሳይነካ ትዝታውን በየጊዜው መቀየር አለበት። ይህን የረሳ ካርቱን አያቱን ከራሱ ዕድሜ ያለፈ ታሪክ ያስወራዋል፤ አንባቢም ወዲያው ያውቃል።

የአሜሪካ አያት ብዙ ጊዜ እንግዳ ነው፤ ለበዓል ይመጣል፣ ይሄዳል። በጃፓን ማቺኮ ሃሴጋዋ ከ1946 እስከ 1974 በሣለችው ባለ አራት ክፈፍ (በተርታ የተሣሉ አራት ሳጥኖች) «ሳዛኤ-ሳን» ግን ሦስት ትውልድ አንድ ቤት ይኖራል። ሳዛኤ ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር ወላጆቿ ቤት ናት። አናቱ ላይ አንድ ፀጉር ብቻ የቀረችው አባቷ ናሚሄ አያት ነው፤ ሆኖም ገና ተማሪ የሆነ የራሱ ወንድ ልጅም አለው። አጎትና የእህት ልጅ አብረው የሚያድጉበትን ግቢ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ቤት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቀልዱም ከጉብኝት አይነሳም፤ ማን ቀድሞ ይታጠባል፣ ማን ጣፋጩን በላ ከሚለው ይነሳል።

አሠራሩን በአራት ክፈፍ ማየት ይቻላል። በመጀመሪያው እናት «ዛሬ ከረሜላ የለም» ትላለች። በሁለተኛው ልጅ ስልክ ይደውላል፤ ቃል የለም። በሦስተኛው አያት ከረሜላ የሞላ ቦርሳ ይዛ በር ላይ ትታያለች። በአራተኛው እናት «እማዬ፣ እኔን እኮ በዓመት በዓል ብቻ ነበር የምትሰጪኝ!» ስትል አያት «ያኔ የጥርስ ሐኪሙን የምከፍለው እኔ ነበርኩ» ትላለች። ዝም ያለው ሁለተኛው ክፈፍ ከሌለ ቀልዱ ይሮጣል፤ አንባቢው አያቷ እንደምትመጣ ለመጠርጠር ያችን ትንፋሽ ይፈልጋል። መልሱ ሦስተኛው ላይ ከወጣ ደግሞ አራተኛው ትርፍ ነው።

ቦታው ጠባብ ነው። ጋዜጦች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወረቀት እጥረት ጀምሮ ካርቱኖቹን እያሳነሱ መጥተዋል፤ ዛሬ የአንድ ቀን ስትሪፕ (የካርቱን ረድፍ) ስፋት 15 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ የሚሣለው ግን የዚያን እጥፍ ያህል ሆኖ ነው። ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን መስመር ነው። የአያት ፊት ላይ መጨማደድ የሚያበዛ ሠዓሊ ሥዕሉ ሲታተም ጥቁር ጭረት ብቻ ይቀረዋል። ልምድ ያለው መነጽር፣ ራሰ በራ፣ የወረደ ትከሻና ማንጠልጠያ ያለው ሱሪ ይበቃዋል። ለአራት ክፈፍ ከአርባ ቃል በላይ ከተጻፈም ፊኛው ሰውየውን ይውጠዋል። የእሑዱን ገጽ የሚሠራ ደግሞ የላይኛውን ረድፍ ጋዜጣው ሊቆርጠው እንደሚችል አውቆ፣ ያለዚያ ረድፍም የሚያስቅ ነገር መሥራት አለበት።

ካርቱኖቹን ለጋዜጦች የሚያከፋፍለው ሲንዲኬት ሥራውን ቀድሞ ይፈልጋል፤ የአዘቦቱን ከሳምንታት በፊት፣ ባለ ቀለሙን የእሑድ ገጽ ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ። በሴፕቴምበር ከሌበር ዴይ (የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) በኋላ ባለው እሑድ የሚውለው የአሜሪካ የአያቶች ቀን፣ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 ያወጁት፣ በሠዓሊው ጠረጴዛ ላይ የጁላይ ሥራ ነው። ለዚህም ነው የቤተሰብ ካርቱን ስለ ሰሞኑ ወሬ የማይቀልደው።

በጣም የሚበላሸው የመስማት ችግርና የመርሳት ቀልድ ነው። አያት ቃል አጥፍቶ ሰምቶ የተሻለ ነገር ከተናገረ ያስቃል፤ ሌሎቹ በሰውየው ላይ ብቻ ከሳቁ ግን ገጹን አዘውትረው የሚያነቡት አዛውንቶች ለጋዜጣው ይጽፋሉ። ኦፓልና ኧርል የሚተርፉት አንዳቸው ሌላውን ስለሚመቱ ነው፤ ሁለቱም እኩል ያረጁ ናቸው።

ሠዓሊው ሲሞት ቤቱ አይዘጋም። ብሎንዲን የቺክ ያንግ ልጅ ዲን፣ ፋሚሊ ሰርከስን ደግሞ ለጄፊ መነሻ የሆነው ጄፍ ኪን ወርሰዋል። ጆንስተን በ2008 ታሪኩን ስትዘጋም ካርቱኑ ከገጹ አልወረደም፤ ከመጀመሪያው ተነስቶ እንደገና መታተም ጀመረ። ለወጣት ሠዓሊ ይህ ክፉ ዜና ነው፤ ገጹ አይሰፋም፣ አሮጌውን የሚያነሳ አዘጋጅም የተቃውሞ ደብዳቤ ይዘንብበታል። ብዙዎቹ አዘጋጆች ስለዚህ አዲሱን ለጥቂት ሳምንት በሙከራ አስገብተው፣ የአንባቢውን ምላሽ ካዩ በኋላ ነው የሚወስኑት።