«ውሃው ይወስደዋል» እና ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምንሰማቸው ሌሎች ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት መንጠቆና ድንኳን ይዞ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ሰው በየጊዜው እየበዛ ነው። እኔም አንዱ ነኝ፤ ሐዋሳ ባድግም ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ዳር ላይ ቁጭ ስል ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። የሚናገሯቸው ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን ሐይቁንም፣ ሰውንም ይጎዳሉ።

«ትንሽ ነገር ናት፣ ውሃው ይወስደዋል»

ወዴት? የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ጎርፍ ይገባበታል፣ ከዚያ በኋላ ውሃው ይተናል፤ የተወሰነው ወደ መሬት ይሰርጋል። ላስቲክ ግን አይተንም። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ትልቅ ይመስላል። ጥልቅ በሚባለው ቦታ ግን 20 ሜትርን ብዙም አያልፍም። ዛሬ የጣልነው ነገር እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

የሳሙና ነገርም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ድስቱን ዳር ላይ ያጥባል፤ «አረፋው ወዲያው ይጠፋል» ይላል። አረፋው ይጠፋል፣ ሳሙናው አይጠፋም። አንዳንድ የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ደግሞ ውሃውን ለሚያለብሰው አረንጓዴ አልጌ ማዳበሪያ ነው። በባልዲ ቀድቶ፣ ከዳር ራቅ ብሎ ማጠብና እጣቢውን አፈር ላይ መድፋት ምን ይከብዳል?

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የናይለን ክር ነው። ሲተበተብ ቆርጠን እንጥለዋለን፤ ቀጭን ስለሆነ ቆሻሻ አይመስለንም። አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው አካባቢ፣ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ አንዱን አይቼ ነበር። ክሩ ከጉልበቱ በታች እንደ ቀለበት ዞሮ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። እግሩ አብጧል። በአንድ እግሩ እየዘለለ የዓሣ ሆድ ዕቃ ለመሻማት ይታገላል፤ ሌሎቹ እየቀደሙት። ከዚያ ቀን ወዲህ ኪሴ ውስጥ የክብሪት ቀፎ አለ፤ የተቆረጠ ክርና የዛገ መንጠቆ ሁሉ እዚያ ይገባል።

«ያ የሚንሳፈፈው ጠርሙስ ቆሻሻ ነው፣ እንሰብስበው»

ይህ ስህተት ከመልካም ልብ የሚመጣ ነው። ውሃው ላይ በመስመር የቆሙ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ወይም የፎም ቁርጥራጮች ካያችሁ አትንኩ። ሥራቸው የአንድ ሰው መረብ ወዴት እንደሆነ ማሳየት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ አመሻሹ ላይ ይዘረጉታል፣ ጎህ ሲቀድ ያነሱታል። ጠርሙሱን የነቀለ ሰው የአንድ ቤተሰብ ቁርስ ነቅሏል። መንጠቆም እዚያ አጠገብ አይወረወርም፤ ከተያዘ ወይ ክራችሁ ወይ መረቡ ይቀደዳል። መረቡ ተቀዶ ከሄደ ደግሞ ማንም ሳያነሳው ዓሣ እየያዘ ይኖራል።

«አንድ ትንሽ ቆሮሶ ብወስድ ምን ይጎድላል?»

ቆሮሶ የምንላት ዓሣ (ቲላፒያ) ልጆቿን የምታሳድገው በአፏ ነው። እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው እዚያው ይገባሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዳር ዳሩን፣ ሳርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። እኛም የምንቀመጠው እዚያው ነው። አንዳንዴ መንጠቆ ላይ የመጣችው ዓሣ አፏን ስትከፍት ጥቃቅን ነገር ሲረግፍ ታያላችሁ። ያንን ያየ ሰው እጁን በውሃ አርሶ፣ መንጠቆውን ቀስ ብሎ ነቅሎ ይመልሳታል። እጅ ይረስ የምለው በምክንያት ነው፤ ደረቅ እጅ የቆዳዋን ልጋግ ይገፍፈዋል፣ ከዚያ ቁስል ይጀምራታል።

«ጉማሬ ሣር በል ነው፣ ሰው አይነካም»

ሣር መብላቱ እውነት ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል፣ የሚሄደውም በለመደው መንገድ ነው። ያ መንገድ ለጥ ብሎ የተረገጠ፣ ለድንኳን የተመቸ ይመስላል። ሣሩ አጭር ሆኖ ከታጨደ፣ ቁጥቋጦው ላይ ፋንድያ ከተረጨ፣ እዚያ አትተኙ።

እኔ ተኝቼ አውቃለሁ። ሌሊት ላይ ሣር በኃይል ሲነጭ ሰማሁ፤ ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ከድንኳኑ ጨርቅ ማዶ ነበር። ጓደኛዬ ባትሪ ሊያበራ ሲል እጁን ያዝኩት። እስኪርቅ ድረስ አልተነፈስንም ማለት ይቻላል። ጉማሬ ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣው ወደ ውሃው የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት ነው። በእሱና በሐይቁ መሃል አትቁሙ። ጀልባ ላይም ስትሆኑ «ፎቶ ልናነሳ ነው፣ ጠጋ በልልን» ብላችሁ ባለጀልባውን አታስጨንቁት። እሱ እምቢ ያለው ስለሚያውቅ ነው።

«ጠርቶ የሚታይ ውሃ አያሳምምም»

ቢልሃርዚያ በዓይን አይታይም። ተሸካሚው ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው፤ ዳር ላይ፣ ሳር ያለበት የረጋ ውሃ ይወዳል። ከሱ የሚወጣው እጭ በቆዳ በኩል ይገባል፤ መጠጣት አያስፈልገውም። ለጉልበት የሚደርስ ውሃ ውስጥ በባዶ እግር ቆሞ ማጥመድን ለዚህ ነው የማልወደው። ከርማችሁ ሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካያችሁ ለሐኪም «ሐይቅ ገብቼ ነበር» በሉት። መድኃኒት አለው።

ሎሚ የተጨመቀበት ጥሬ ዓሣም እንዲሁ ነው። ሎሚው ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ ውስጡ ያለውን የጥገኛ ትል እጭ አይገድልም። ነፋስ ስላለ ወባ የለም የሚሉም አሉ፤ ነፋሱ ሲያርፍ ትንኟ ትመጣለች፣ አጎበር ያዙ። ፍም ደግሞ በአሸዋ አይቀበርም። ከላይ የጠፋ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ለሰዓታት ይግላል፤ ጠዋት በባዶ እግሩ የሚረግጠው ከብት ውሃ ሊያጠጣ የመጣ ልጅ ነው። ውሃ አፍስሱበት፣ በእጃችሁ ነክታችሁ እስክታረጋግጡ።

«ሐይቅ ዳር ባለቤት የለውም፣ ሙዚቃ ብንከፍት ማን ይከፋዋል?»

ዳሩ የከብት ግጦሽ ነው፣ የሰው ማሳ ነው፣ የአንድ ቀበሌ ክልል ነው። ድንኳን ከመትከል በፊት አጠገብ ያሉትን አባት ወይም እናት ሰላም ብሎ፣ «እዚህ ብናድር ያስቸግራል ወይ?» ማለት ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «እንዴታ፣ ቤታችሁ ነው» ነው፤ ጉማሬው በየት እንደሚወጣም ያኔውኑ ይነግሯችኋል። እኔ ያን ሌሊት ሳልጠይቅ ነበር የተከልኩት።

ስፒከሩን ግን ሲመሽ ዝጉት። ሌሊት ውሃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፤ ጎህ ሲቀድ መረብ የሚያነሱት ሰዎች ደግሞ በዚያ ሰዓት ተኝተዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከድንኳን ብቅ ካላችሁ ታገኟቸዋላችሁ። አንዱ ይቀዝፋል፣ ሌላው መረቡን እጥፍ እጥፍ እያደረገ ይስባል፣ ቆሮሶው አንድ በአንድ ጀልባው ወለል ላይ ይወድቃል። «እንዴት አደራችሁ» በሏቸው።